የጎንደርን ጥበብ በእግር ፍለጋ



ጎንደር ሲባል ለብዙ ሰው ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው ግንብ ነው። ግንቡ በቀን መቁጠሪያ ላይ አለ፣ በፖስታ ካርድ ላይ አለ፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። መልካም፣ ግንቡ ያኮራል። ዳሩ ግን ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ በነበረች ከተማ ድንጋይ ብቻ ሲጠረብ አልተኖረም። ይጻፍ ነበር፣ ይሣል ነበር፣ ይዜም ነበር። መምህር ያስተምር፣ ተማሪ ይማር ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ወዴት ሄደ? ምኑ ቀረ? ምኑስ ጠፋ?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው እንዲያው ለወግ ያህል አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ መጽሐፍ የሚደርሰው ለ4 ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «መጽሐፍ የሌለበት ትምህርት ትምህርት ነው ወይ?» እያልን ስንከራከር ከረምን። ከመካከላችን አንዱ «መጽሐፍ የሌለው መምህር ውሃ የሌለው እንስራ ነው» ይላል። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ «አያቴ አንድ ፊደል ሳትቆጥር ስንቱን ተረት ታውቀው የለም እንዴ!» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ነገሩ አልቋጭ ቢለን 5 ሆነን አንድ ቅዳሜ ጧት ዳቦ ቆሏችንን በወረቀት ጠቅልለን ወጣን። መኪና የለ፣ ባጃጅ የለ፤ በእግር። የድሮዎቹ የጎንደር መምህራን ምን ይዘው እንዳስተማሩ፣ ከያዙትም ምኑ እንደቀረ ለማየት ነው። (እ.ኤ.አ. ካላልን በቀር ዓመቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

ጉዟችን ከጃን ተከል ጀመረ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፣ ቀጥሎም ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በአንድ ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ቤት አሠርተዋል። ቅጥሩ 12 በሮች አሉት። የበሮቹን ስም መጥራት ብቻውን ታሪክ ማንበብ ነው። ወምበር በር የዳኞች፣ እንቢልታ በር የነፊዎች፣ አደናግር በር የፈታዮች ነው። ጥጥ ፈታይዋና እንቢልታ ነፊው ስማቸው በነገሥታት ታሪክ ውስጥ ባይጻፍ፣ ሙያቸው በበር ስም ተጽፎ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ግቢው ውስጥ ጎብኚው ሁሉ ወደ ፋሲል ግንብ ሲያመራ እኛ ወደ አንዲት መጠነኛ ባለ ፎቅ ቤት ሄድን። የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ይሏታል። ገባን። አራት ግድግዳ ነው። አንድ መጽሐፍ፣ አንዲት ቅጠል ብራና እንኳ አላገኘንም። በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ አዛውንት ሁኔታችንን አይተው «መጽሐፍ ፍለጋ ከሆነ የመጣችሁት፣ ልጆቼ፣ ዘግይታችኋል» አሉን። ያ ተከራካሪያችን ይሄኔ ዞር ብሎ «ይኸው! ያልኩት አልደረሰም?» አለ።

ከዚያ እልፍ ሲሉ የዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት አለ። ዐፄ ዳዊት የነገሡት ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. ነው። በ5 ዓመት ዘመናቸው ውስጥ ለዘፈን ብቻ የሚሆን አዳራሽ ማሠራታቸው የዚያን ዘመን ሰው ፍላጎት ያሳያል። ዛሬ ድምፅ የለበትም። የዐፄ ኢያሱም ቤት እንዲሁ ነው። በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በሥዕል ያጌጠ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣልያንን ከጎንደር ለማስወጣት ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ደግሞ ይበልጥ ጎዳው።

ስለ መጽሐፉ እናውራ። ያን ጊዜ መጽሐፍ መሥራት ማለት እንደ ዛሬው ማተሚያ ቤት ገብቶ መውጣት አይደለም። ቆዳ ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይሰመራል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀርጾ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ ይቀመጣል። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወራት ይፈጃል። በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ሹም ነበር። የንጉሡን ውሎና ዘመቻ የሚጽፍ እሱ ነው። የዐፄ በካፋን ዜና መዋዕል የጻፉት ሲኖዳ ይህ ማዕረግ ነበራቸው።

ይህ ሁሉ ድካም በሦስት ዙር ተመታ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰበው መጽሐፍ ወደ መቅደላ ተጋዘ። በዚያ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ጉባኤ ሊያቋቁሙበት አስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያንን ሁሉ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደው። ከዚያ ውስጥ 350 ያህሉ የብራና መጽሐፍ ዛሬም ለንደን ውስጥ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደብዳቤ ቢጠይቁ አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰላቸው። ከዚያ ጋራ የጠየቁት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተመለሰም። ይህ ሥዕል የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማርኮ፣ ኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመልሷል። ከመቅደላ ከወጣ በኋላ ግን እንግሊዝ አገር ተሸጦ ፖርቱጋል ውስጥ በግል እጅ ገባ። ቀጥሎም በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ መጣና የተረፈውን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። ሦስተኛውን ዙር ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

እንዲህ አዝነን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዐቀበቱን ወጣን። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከድርቡሽ እሳት ከተረፉት አንዱ ነው። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች። የመጀመሪያውን ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ናቸው፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራ መሆኑን አጥኚዎች ይናገራሉ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከእንግዲህ ማን ያውራ! ቀና ስትሉ ጣራው ሞልቶ ባለ ክንፍ የኪሩቤል ፊት ያያችኋል። ቁጥራቸውን ለማወቅ ተስማምተን ቆጠርን፤ 5 ሰው 5 ቁጥር አመጣ። አንገታችን እስኪያመን ድረስ ደግመን ቆጠርን፤ አሁንም አልተስማማንም።

ከጣራው ወደ ግድግዳው ስንወርድ አንድ ነገር አስተዋልን። ቅዱሱ ሁልጊዜ ሙሉ ፊቱን፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህ የአሣሣል ሕግ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከሩቅ ቆሞ የትኛው ጻድቅ፣ የትኛው ወንጀለኛ እንደሆነ ያለ ማንም ነገራ ያነባል። ታሪኩም በተራ በተራ ተደርድሯል፦ የጌታ ሕይወት፣ የእመቤታችን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ። የትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት የምንማር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ እንፈልጋለን? ግድግዳው ራሱ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ያች ተከራካሪ ጓደኛችን «መጽሐፍ የለም ያልከው ይሄን ሳታይ ነው» አለችው። እሱም ዝም አለ።

የጎንደር ሥዕል በሁለት ወገን ይከፈላል ይላሉ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት። የፊተኛው የእነ ዐፄ ፋሲልና የእነ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ነው። ቀለሙ ብሩህ፣ ከምስሉ በስተኋላ ያለው ቦታ ገላጣ ነው። የኋለኛው የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ነው። ፊት ላይ ጥላ ይገባል፣ ልብሱ በአበባና በጥልፍ ይሞላል፣ ከበስተኋላ ቢጫው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል። በጣና ደሴት ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያሣለ ሰው በሥዕሉ ጠርዝ መግባቱ የዘመኑ ልማድ ነበር። የሚያሳዝነው ሠዓሊው ስሙን አለመጻፉ ነው።

እነሆ ሦስተኛው ዙር። የጎንደር ሥዕል የሚያርፈው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ስለዚህ ሊላጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሰነበተ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበረውን ጥንታዊ ሥዕል ገልጦ አወጣው። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የቡድኑ ሠዓሊ አዲስ ቅጂ ሣለና ለጠፈ። ዋናው ፓሪስ ገባ። ጦር አልተማዘዘም፣ ቤት አልተቃጠለም። ግን የአንድ ደብር ልጆች የአባቶቻቸውን እጅ ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆነባቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ በአታ አመራን። በአታ ለማርያም የአቋቋም ትምህርት መንበር ናት። ከቅጥሩ ሥር ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አስቀምጠው ያጠናሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በእጃቸው መጽሐፍ የላቸውም። አንድ የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። እጅ ነሥተን ቀረብን። «ከወዴት ናችሁ?» ቢሉን ዕጩ መምህራን መሆናችንን ነገርናቸው። ፊታቸው በራ። «እህ፣ የሙያ ልጆች ናችኋ! ተቀመጡ» አሉን።

«የኔታ፣ መጽሐፉ ሁሉ ተወስዶ፣ ተቃጥሎ ትምህርቱ እንዴት ሳይጠፋ ቀረ?» አልናቸው።

የኔታም ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና «ልጆቼ፣ እሳት ብራናውን ይበላል። የተማረውን ሰው ግን አርማጭሆ ሸሽቶም፣ ጎጃም ተሻግሮም ያገኙታል። ያን ጊዜ ሊቁ ሸሸ፤ ጸጥ ሲል ተመለሰ፤ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ተማሪው መጣ። በቃ ጉባኤ ተተከለ» አሉን።

ከዚያ በኋላ የነገሩን ሁሉ ደብተራችን ላይ አለ፤ ዋና ዋናውን እናካፍላችሁ። የጎንደር ሊቃውንት ትልቁ ድርሰት በብዕር የተጀመረ አይደለም። አንድምታ ትርጓሜ ይባላል። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ያሰማል፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይተረጉመዋል። «እንዲህ ማለት ነው» ይልና አይበቃውም፤ «አንድም እንዲህ ማለት ነው» ይላል፤ «አንድም» እያለ ይቀጥላል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፣ እሱም በተራው ያስተምራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜውን እንደገና መርምረው ስላቀኑት ትምህርቱ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ የታች ቤቱ የእሳቸው ነው። በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ አማርኛ፣ ያ ሁሉ ምሳሌና ተረት የኖረው በመምህር አፍና በተማሪ ጆሮ መካከል ነው። ልብ በሉ! የአማርኛ ስድ ንባብ አንዱ ትልቅ ምንጭ የክፍል ውስጥ ማብራሪያ ነው።

ቅኔውም እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም። ከ2 ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ 8 ቤት መወድስ ድረስ በየደረጃው የራሱን ይቆጥራል። መምህሩ ፊት ይቆማል፣ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም ነውር ነው። እኛ ፈተና ላይ የመምህሩን ማስታወሻ ቃል በቃል ስንመልስ ሙሉ ነጥብ ይሰጠናል፤ በቅኔ ቤት ይህ ዜሮ ነው። መምህራኖቻችን እዚህ ላይ ይቆጡን ይሆናል፤ ቢቆጡም ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

ጓደኛችን «የኔታ፣ ሴት ቅኔ ታስተምር ነበር?» ብትላቸው «ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽን አልሰማሽም ልጄ? ዓይናቸው አያይም ነበር፤ ግን ስንቱን ዓይናማ ቅኔ አስቆጥረውታል!» አሏት። እሷም ያን ቀን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የሄደች። ያ ተከራካሪያችን ግን መሬት መሬት ያይ ጀመር። መጽሐፍ የሌለው መምህር ባዶ እንስራ ከሆነ፣ መጽሐፍ ማየት የማይችሉት እማሆይ ምን ሊባሉ ነው?

ስለ አለቃ ገብረ ሐናም ሳይነሣ አልቀረም። ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። እሳቸው ግን የበአታ መምህርም ነበሩ። የጣና ሞገድና የቄጠማውን መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ካህናት ግን አዲሱን ነገር አልተቀበሉም። ታዲያ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ፈጣሪው መምህር፣ የተጠራበት የተማሪው ስም። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ሐውልት ይኖር ይሆን?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ዐቀበት ወደ ቁስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ኮረብታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በድርቡሽ ጊዜ ጠፍቶ እንደገና ተሠርቷል፤ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ላይ ግን በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ እቴጌይቱ እዚሁ ነበሩ። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ጠፍቷል ብለው ነበር። እዚህ ሊጠፋ ያልቻለው መምህሩ ስላስተማረው፣ ጸሐፊውም ስለገለበጠው ነው።

ኮረብታው ላይ ዳቦ ቆሏችንን እየቆረጠምን ክርክሩን ጨረስን። አንጨርሰውም ብለን ፈርተን ነበር። ሁለቱም ወገን ከያዘው እየለቀቀ መጣ። መጽሐፍ ተወስዶም ትምህርት ይኖራል፤ በአታ ምስክር ናት። ነገር ግን «ስለዚህ መጽሐፍ አያስፈልግም» ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሄዶ ይይ። ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል፤ ሥዕልን ግን ማንም በቃሉ ይዞ ሊሸሽ አይችልም። የአባ እንጦንስ ሥዕል ከሄደ ሄደ። ስሙን ያልጻፈው ሠዓሊም ዳግመኛ አይታወቅም። በቃል የያዘው ሰውም ቢሆን፣ ተማሪ ሳያገኝ ከሞተ የሱ ነገር ከብራናው አይሻልም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ በቃል የሚያቀብል መምህር፣ በጽሑፍ የሚያቆይ ብዕር።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል? «ይሄ ሁሉ ታሪክ ለደመወዛችን ምን ይጨምራል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ደመወዝ አይጨምርም። ዳሩ ግን ነገ የምንመደብባቸው መንደሮች እያንዳንዳቸው ትንሽ ጎንደር ናቸው። አንዲት እናት የሙሾ ግጥም ታውቃለች፣ አንድ ሽማግሌ የአካባቢውን የዛፍ ስም ሁሉ ይቆጥራል፣ አንድ ሼህ ወይም አንድ ቄስ በሣጥን ውስጥ ያረጀ መጽሐፍ ይጠብቃል። እኛ 5ታችን እንዲህ ተስማምተናል። የተመደብንበት መንደር ውስጥ በየዓመቱ ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ ደብተር ሙሉ ተረት፣ እንቆቅልሽና ግጥም እንጽፋለን፤ የተናጋሪውንም ስም ፈቅዶ ከነገረን ከጎኑ እናኖራለን። የክፍላችንን ግድግዳ ባዶ አናስቀምጥም፤ የሣለውም ልጅ ከሥሩ ስሙን ይጻፍ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ልጁ የሸመደደውን ሳይሆን የራሱን 2 መስመር ይዞ እንዲቆም እናደርጋለን። ለዚህ አንድ መጽሐፍ ለ4 ልጅ መሆኑ አያግደንም። መጽሐፉ እንዲጨመርልን ግን መጠየቃችንን አንተውም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም፣ የሚያሻሽል፣ ወይም በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱብን።

5ቱ እግረኞች፣ ዕጩ መምህራን